ሶላር የቀበርን ሰሞን

ሦስቱ ሶላሮች የደከሙት እኔም ጣሪያ መውጣት ባቃተኝ ሰሞን ነው። ማን ማንን እንደቀደመ አላውቅም። መሰላሉ አጋማሽ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ እነሱ ከላይ አቧራቸውን ለብሰው ያዩኛል፤ አንዳችን ለሌላችን የምናደርገው ነገር የለም። ከታች ሰው ሲያልፍ መሰላሉን የምጠግን መስዬ እንጨቱን አንኳኳለሁ። ማንኳኳት ቢያድን ኖሮ ጉልበቴን ባንኳኳሁ።

በጀጎል ግንብ ውስጥ ወደ ኤረር በር በሚወርደው ጠባብ መንገድ ዳር ያለች የአንዲት ትንሽ መስጊድ ኻዲም ነኝ። ሌላው ሰግዶ ሲሄድ ምንጣፍ የሚያራግፍ፣ ከሰላት በፊት የሚታጠቡበትን የዉዱእ ውሃ የሚሞላ፣ አምፖል የሚቀይር ሰው ማለት ነው። በወጣትነቴ ሥራ ፈት ይሉኝ ነበር፤ ስሸመግል ሥራ ፈትነቴን ወደ መስጊድ አዛውረው ስም ሰጡት። እውነቱን ለመናገር የተመረጥኩት ቤቴ ከመስጊዱ ግድግዳ ጋር ስለተያያዘና ቁልፉን ብጥለው እንኳ ሩቅ ስለማልጥለው ነው።

ሶላሮቹ የአንድ ልብስ ሰፊ ጓደኛዬ ኑዛዜ ነበሩ፤ አላህ ይርሐመው። ዕድሜውን ሙሉ መኪና ግርግር በሚባለው፣ የስፌት መኪና ሲንጫጫበት በሚውለው መንገድ ላይ ተቀምጦ ሰፋ። መብራት በጠፋ ቁጥር ክሩን በምላሱ እያረጠበ የመርፌ ቀዳዳ ሲዳብስ አጠገቡ ተቀምጬ ስስቅበት ኖሬያለሁ። በመጨረሻ ዓይኑም እጁም እምቢ ሲሉት፣ «እኔ ስሞት ለመስጊዱ ሶላር ግዙልኝ፤ ማታ ቁርኣን የሚቀራ ሰው እንደኔ አይዳብስ» አለ። ሚስቱ ያላትን ሸጣ፣ የሌላትን ለምና ኑዛዜውን ፈጸመች።

ይህ እኛ ዘንድ ሰደቃ ጃሪያ ይባላል፤ ሰጪው ቢሞትም የማይቆም ምጽዋት ነው። ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ውሃው እስከተጠጣ፣ ዛፍ የተከለ ጥላው እስካለ፣ መብራት የሰጠም መብራቱ እስከበራ ድረስ አጅሩ፣ ምንዳው ማለቴ ነው፣ ይደርሰዋል። ባልቴቷ ይህን እንደ ነገረ መጽሐፍ ሳይሆን እንደ ቤት ጉዳይ ነበር የያዘችው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው መግሪብ በኋላ ደጃፏ ላይ ቆማ የመስጊዱን መስኮት ታያለች፤ ሲበራ «በራለት» ብላ ትገባለች። ባሏ ሥራ ቦታ ደርሶ እንደሆነ የምትጠይቅ ሚስት ነበር የምትመስለው።

ቀስ በቀስ መብራቱ እየፈዘዘ ሄደ። የሌሊቱ ሰላት፣ ኢሻ፣ ሳይሰገድ ይጠፋል። ጀመዓው፣ አብሮን የሚሰግደው ሰው፣ አዋጥቶ አዲስ ሶላር ተገዛ፤ አንድ የሶላር ባለሙያ፣ ገና ጺሙ ያልሞላ ግን ኮሌጅ የጨረሰ፣ መጥቶ ገጠመልን። አሮጌዎቹን ከታች ሆኖ ቀና ብሎ አየና «እነዚህ አርጅተዋል» አለ። በዚህ ዓይነት ምርመራ እኔንም ሊያወርደኝ ይችል ነበር። ሦስቱም ወርደው ግድግዳ ተደገፉ።

እኔ ለቆራሌው ላስረክባቸው አስቤ ነበር። ቆራሌው ዳር ዳሩን ያለውን የአልሙኒየም ፍሬም ገንጥሎ፣ መስታወቱን ሰብሮ ገደል እንደሚከተው አውቃለሁ። አውቄም ምንም አላልኩ፤ እኔ ካልተሸከምኩት ማንም ይሸከመው። ሰውየውን ጠርቼ ገና ሳንነጋገር ባልቴቷ ነጠላዋን ሳታስተካክል ከጎረቤት ቤቷ ወጣች።

«ምን ልታደርገው ነው?» አለችኝ።

«ያረጀ ነገር ነው እህቴ፤ ለቆራሌው...»

«አንተን ለማን ሰጠንህ ታዲያ?»

ቆራሌው ሳቀ፤ ጆንያውን አንስቶ ሄደ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሶላሩ ላይ እጇን አሳርፋ ቆማ ቆየችና ቀስ ብላ፣ መብራቱ ከቆመ የእሱም አጅር ይቆማል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔን። ግማሽ ዕድሜዬን ስቀልድ የኖርኩትን ሰው። እንኳን የሙታንን ሒሳብ የራሴን ጫማ ከመስጊድ በር ላይ ለይቼ አላውቅም። አላውቅም አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መግሪብ ላይ ደጃፏ ላይ መቆም ተወች። አዲሱ መብራት ከበፊቱ ይልቅ ይበራል፤ የሷ በር ግን ዝግ ነው። ጎረቤት ስለሆንኩ ያ የተዘጋ በር ከሁሉም በፊት እኔን አደከመኝ።

ኢማሙ በዚያ ሰሞን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ገጠር ወጥተው ነበር። እሳቸው በሌሉበት የመስጊዱ ሽማግሌዎች ከቀትር ወዲያ ከሚሰገደው የዐስር ሰላት በኋላ ግቢ ውስጥ እንደተቀመጡ ባልቴቷ መጥታ ያረጀ፣ ገጹ የተበጣጠሰ ቁርኣን ምን እንደሚደረግ ጠየቀች። በንጹህ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሰው በማይረግጠው ቦታ ይቀበራል አሏት። እሷም፣ እነዚህ ሶላሮች ስንት ዓመት ቁርኣን ለሚቀራ ሰው አብርተዋል፣ ገደል ከሚጣሉ እንደዚያው ይደረግላቸው አለች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው ጺሙን ዳበሰ። ባሏ የሞተባትን ሴት ፊት ለፊት «አይሆንም» የሚል ወንድ በኛ ሰፈር ገና አልተወለደም። እንደዚህ ሆኖ ተወሰነ። ቁፋሮው በኻዲሙ ላይ ወደቀ።

ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከሎሚው ዛፍ አጠገብ፣ የዉዱእ ውሃ የሚያልፍበት ዳር፣ አፈሩ ርጥብ ነው። ንጹህ ስለሆነ ነው አልኳቸው፤ ለስላሳ ስለሆነ ነው። ባልቴቷ ከባሏ የተረፈ ነጭ አቡጀዲ ይዛ መጣች። ሦስቱንም ጠቀለልናቸው። እኔ ወገቤን ይዤ ስቆፍር አንድ መንገደኛ በግቢው በር አንገቱን አስገባ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«መብራት» አልኩት።

«እሱማ በየቀኑ ይሞታል። ዛሬ ምን ቢገኝ ቀበራችሁት?»

አፈሩን መልሼ ጨርሼ እንዲጠቀጠቅ ላዩ ላይ ወጥቼ ረገጥኩ። ከእግሬ ሥር አንድ ነገር ቋ ሲል ሰማሁ። ወገቤ ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ ወገቤ ቢሆን ይሻል ነበር። ያን ሌሊት እንደ እንጨት ደርቄ አደርኩ። ባልቴቷ ግን ሰላም ያገኘች መሰለች። የሎሚውን ዛፍ ሥር ትጠርጋለች፤ እያለፈች ዱዓ ታደርጋለች። የልብስ ሰፊው ትክክለኛ መቃብር ይህን ያህል አይጠረግም ነበር።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባለሙያው ባትሪ ሊያይ ተመለሰ። ሥራውን ጨርሶ እጁን እየታጠበ፣ አሮጌዎቹ የት ደረሱ አለኝ። ድሬዳዋ ያረጀ ሶላር የሚሰበስብ ሰው አለ፤ ከየገጠሩ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት የወረደውን እያጠራቀመ ነው፤ ጭነት መኪና ስለሚያልፍ አብሬ ልጫንላችሁ አለ። ጣቴን ወደ ሎሚው ዘረጋሁ። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ መሳቅ ቁፋሮ አይደለም። ከዚያ የዉዱእ ውሃ በቦዩ ወርዶ በሎሚው ሥር ሲያልፍ አየ፤ ሳቁን አቆመ።

«አባቴ፣ መስታወቱ ደህና ነው? አልተሰነጠቀም?»

ያ ቋ ያለው ነገር ትዝ አለኝ። የወገቤን ታሪክ ለሱ መንገር አልተመቸኝም፤ ተሰንጥቆ ይሆናል አልኩ።

እሱም እንዳያስደነግጠኝ እየተጠነቀቀ አስረዳኝ። ሶላሩ ጣሪያ ላይ ሳለ ማንንም አይጎዳም። መሬት ውስጥ ሲሰነጠቅ ግን ውሃ ይገባል፤ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች የተበየዱበት እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት አለ፤ እሱ በጊዜ ብዛት እየሟሟ ከውሃ ጋር ይሄዳል። በአንድ ክረምት ምን ያህል እንደሚወርድ ግን አላውቅም አለ፤ አለማወቁን መናገሩን ወደድኩለት። ውሃችን የት እንደሚሄድ ጠየቀኝ። ይህን መልስ እኔ አውቃለሁ። የኛ ግቢ ውሃ በጀጎል ግንብ ሥር ባለው ቀዳዳ ወጥቶ ከኤረር በር ውጭ ወዳሉት የጎመንና የሰላጣ መደቦች ይወርዳል። ጎመኑን ጠዋት በሩ ላይ ተዘርግቶ እንገዛዋለን። ባልቴቷም የምትገዛው ከዚያው ነው።

መንገሩ በኔ ላይ ወደቀ። እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅኩ በቀልድ ጀመርኩ፤ ፊቷን ሳይ ቀልዱ አፌ ውስጥ ደረቀ። በሩ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ፣

«ለሱ ብዬ ለሰው መርዝ ቀበርኩ?» አለች።

ገና የታወቀ ነገር የለም፣ ቶሎ ይወጣል አልኳት። መብራቱ ሲቆም አጅሩ ይቆማል ብላ የፈራችው ሴት አሁን ሌላ ነገር መጣባት። መልካሙ የሚቀጥል ከሆነ ጉዳቱም ይቀጥላል፤ ሁለቱም በሱ ስም። ያን ቀን ምሳ አልበላችም። እኔ በላሁ፤ መቆፈር ያለበት ሰው መብላት አለበት።

ኢማሙ ተመልሰው ነበርና በማግሥቱ ሁሉንም ሰሙ። ወቀሳ አልወረወሩም፤ ሎሚውን አይተው፣ ጺማቸውን ይዘው «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉና አካፋ አስመጡ። አካፋውን ተቀብዬ እሳቸውን አየሁ፤ እሳቸውም እኔን አዩኝ፤ እኔ ቆፈርኩ። ለሁለተኛ ጊዜ መቆፈር ከመጀመሪያው የሚከፋው የት እንደሚያምህ አስቀድመህ ስለምታውቀው ነው።

አቡጀዲው በስብሷል። አንዱ መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል፤ የእግሬ ልክ ነው። ሌላው ጥጉ በውሃ ነጥቷል። ሦስተኛው ጭቃው ሲታጠብ አዲስ ይመስላል። ሊያይ የመጣው ባለሙያ ለማጣራት ብሎ ሦስተኛውን ፀሐይ ላይ አጋድሞ መለኪያውን ከጀርባው ካለችው ትንሽ ሳጥን ጋር አገናኘ፤ ምንም የለም። ሳጥኗን ከፈታት፤ ሽቦዋ ዝጋ ተበልታለች። ቆርጦ በአዲስ ቀጠላት። መለኪያው ተነሳ። እንደ ድሮው አይደለም፤ ግን ይሠራል። ባለሙያው ፊቱ ቀላ፤ ከታች ቀና ብሎ «አርጅተዋል» ያለው እሱ ነበር።

«ሕያው ቀብራችሁ ኖሯል» አሉ ኢማሙ።

ባልቴቷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ መጨረሻው ላይ እንባ ሆነ። ያ ሶላር አሁን የዉዱእ ቦታውን አምፖል ያበራል። ባልቴቷ ግን ሳትውል ሳታድር ተመለሰች፤ «ሁለቱስ?» ብላ። የልብስ ሰፊ ሚስት ናት፤ ሦስት ሜትር ጨርቅ ሰጥታህ አንዱን ብቻ ብትሰፋላት የሁለቱን ትጠይቃለች።

ኢማሙ ተቀምጠው በደንብ መለሱላት። በሰደቃ የተሰጠ ነገር ጥቅሙ ሲያልቅ ጥቅም ባለው ነገር ይለወጣል፤ አላህ የሚያየው ጥቅሙን እንጂ ቅርጹን አይደለም። አጅሩን የሚያቋርጠው መጣሉ ነው እንጂ መለወጡ አያቋርጠውም አሏት። ታዲያ ይሸጥና ገንዘቡ ለመስጊዱ ይግባ አለ አንዱ ሽማግሌ። እሷ አልፈለገችም። ገንዘብ እጅ ለእጅ ሲዞር የማን እንደሆነ ይጠፋል፤ እኔ በዓይኔ የማየው ነገር ይሁን አለች።

ባለሙያው መንገዱን አሳየ። መስታወቱንና ውስጡን ድሬዳዋ ያለው ሰብሳቢ ይወስዳል። እዚያ መዳቡ ይለያል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ ቀለበት የሚሠራባት ዓይነት የብር ማዕድን እንኳ አለችበት፤ መስታወቱ ተፈጭቶ ዳግም ይገባል፤ እርሳሱ ሜዳ ላይ አይቀርም። ፍሬሙ ግን ንጹህ አልሙኒየም ነው፤ ፍሬሙን አውልቀን ከላክን ሰብሳቢው የሚከፍለን ይቀንሳል፤ ምርጫው የእናንተ ነው አለ። ባልቴቷ ጊዜ አልፈጀችም። ሸዋ በር አጠገብ አሮጌ አልሙኒየም አቅልጦ ድስት የሚሠራ ሰው አለ፤ ፍሬሙ ድስት ይሁን፤ ረመዳን ላይ ለጾመኛ ሹርባ፣ የማፍጠሪያው ሾርባ፣ ይሠራበት አለች።

ሁለቱን ፍሬሞች ተሸክሜ ሸዋ በር የወጣሁት እኔ ነኝ። ተሸክሜ ስል ባጃጅ ላይ ጭኜ አጠገባቸው ተጨናንቄ ተቀምጬ ማለቴ ነው፤ ግን ሲወርዱ አወረድኳቸው። ባልቴቷ አብራኝ መጣች። አቅላጩ ከገጠር ገብቶ እዚያ ያረጀ ብርቱ ሰው ነው፤ ፍሬሞቹን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ድምፃቸውን ሰማና፣ ማሻአላህ፣ እንዲህ የጠራ ነገር በወር አንዴም አይመጣልኝ፣ የሚመጣልኝ የተጨማደደ ቆርቆሮና የተቃጠለ ሰታቴ ድስት ነው አለ። ወደ ክምሩ ወረወራቸው። ባልቴቷ ክምሩን አየች። ከላይ የቢራ ቆርቆሮዎች ነበሩ።

«ከዚያ ጋር አብሮ ሊቀልጥ ነው?»

«እናቴ፣ እሳት ውስጥ ገብቶ ቢራ የሚሸት ነገር የለም።»

«ለብቻው ይቅለጥ።»

አቅላጩ ወደኔ አየ። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ። ለብቻው ከሆነ ማቅለጫው ባዶ መሆን፣ መጽዳት አለበት፤ ከሰሉም ለዚህ ብቻ ይነዳል አለ። ለድካሙ ትንሽ ጨመርንለት፤ ተስማማ። ሁለተኛው ችግር ኋላ መጣ። የሁለቱ ፍሬም አልሙኒየም እሱ ለሚሠራው ትልቁ የድግስ ድስት አይበቃም። ከክምሩ ትንሽ ልጨምር፣ የትኛው የማን እንደሆነ ማን ያውቃል አላት።

«እኔ» አለች።

ድንጋይ ስባ ማቅለጫው አጠገብ ተቀመጠች፤ እስኪቀልጥ ድረስ ዓይኗን አላነሳችም። ጭሱ ሲመጣባት ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ መልሳ ትገልጣለች። እኔ ጥላ ፈልጌ ከአንድ ሱቅ ሥር ተቀምጬ እያየኋት አንቀላፋሁ። ስነቃ አቅላጩ የቀለጠውን ወደ አሸዋው ቅርጽ እያፈሰሰ ነው፤ እሷ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አቅላጩም ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ድስቱን ሲያወጣ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቀበላት። ትንሽ ድስት ነው። ክዳን አልደረሰውም።

ሁለቱ መስታወቶች በዚያው ሳምንት ጭነት መኪና ላይ ወጥተው ድሬዳዋ ሄዱ፤ ከታች ከላያቸው ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ብዙ አሮጌ ሶላሮች ተደርድረው ነበር። ቆሜ አየኋቸው። በየገጠሩ ጣሪያ ላይ ስንት እንዳለና አንድ ቀን ሁሉም እንደሚወርድ አሰብኩ። እኛ ሦስቱን ብቻ ይዘን ይህን ያህል ከደከምን የሌላውን ማሰብም ይደክማል። ግን መኪናው ሄደ፤ ያ ጥሩ ነገር ነው። ሎሚው ሥር አዲስ አፈር ሞላሁ። ከኤረር በር ውጭ ያሉት ሴቶች የዚያን ሰሞን ጎመናቸውን አሳዩኝ፤ ጎመን ይመስላል። በላሁት፤ አለሁ።

ረመዳን ገባ። የመጀመሪያው ቀን ሹርባው በዚያ ድስት ተሠራ። ጾመኛው በአዛን ተምር ቀምሶ ሲሰግድ ባልቴቷ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር፤ ያ በር ከተዘጋ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሰዉ ተቀምጦ ሹርባውን ሲጠጣ በመስኮቱ ታያለች። ድስቱ ከሰልፉ ግማሽ አላለፈም፤ ትንሽ ነው አላልኩም? የቀሩት ሳህናቸውን ይዘው እኔን አዩኝ። እኔ ድስቱን አጥቤ፣ ውሃ ሞልቼ እንደገና ጣድኩ።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ሁለት ጊዜ እጥዳለሁ፤ አርብ አርብ ሦስቴ። ትንሽ ብታስጨምሪበት ኖሮ አንዴ ይበቃን ነበር እህቴ፣ ብዬ አንድ ቀን አጉረመረምኩባት። እሷ በሩን ተደግፋ፣

«ሁለት ጊዜ ሲጣድ ሁለት ጊዜ ይጻፍለታል» አለች።

«እኔስ?»

«አንተ እጥብ።»

አጥቤ ደረቴ ድረስ ጥቀርሻ ሆኜ ቀና ስል በመስኮቱ ደጃፏ ላይ ቆማ አየኋት። ሰዉ ሲበላ አይታ «በላለት» ብላ ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።